ከስድሳው ሃምሳ ሰባት

«ቦርሳዬ ቤት ውስጥ ክፍቱን ነው የሚውለው፤ አይታው ሊሆን ይችላል» ሲል ሰማችው። ወንድሟ መኝታ ቤት ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ በስልክ ያወራል፤ እሷ ሳሎን ቆማ ሸሚዙን ትተኩሳለች። አንዱን እጅጌ ጨርሳ ሁለተኛውን መዘርጋቷ ነበር። «አዎ፣ ፈተናውንም ማረሚያውንም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስትከፍተው በዓይኔ አላየሁም፤ ግን አብራኝ ነው የምትኖረው፣ ምን ብዬ ልከራከር? ዋናው ነገሩ እኔ ላይ እንዳይመጣ ነው። ይሰረዝ ካላችሁ ይሰረዝ፤ አልቃወምም። እሺ፣ በአራት ሰዓት እመጣለሁ።» ካውያውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። የሚሰረዘው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ከሦስት ቀን በፊት የማታ ተማሪዎች የአስረኛ ክፍል የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ውጤት ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከመቶ አሥራ ሁለት ተፈታኞች መሀል በእሷ ቁጥር ትይዩ የተጻፈው ከስድሳ ሃምሳ ሰባት ይላል፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው አርባ አንድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያስተማሯት መምህራን ሰላምታቸውን አሳጠሩ፤ የክፍል ጓደኞቿም እሷ ስትደርስ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ። ቅናት መስሏት ስቃ አልፋው ነበር። ፈተናውን ያወጣውም፣ የማረሚያውን መልስ ያዘጋጀውም ወንድሟ መሆኑን ያወቀችው ገና አሁን፣ በዚህ በር ስንጥቅ በኩል ነው።

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ሳሎኑ ሳሎን ይባል እንጂ የሁሉም ነገር ቦታ ነው፤ ከቁምሳጥኑ ጀርባ የእሷ አልጋ አለ፣ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ መሀል ላይ ፕላስቲክ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ። ፕላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮችና ኤክሶች ታጥበው ታጥበው ደብዝዘዋል እንጂ አልጠፉም። ሦስት ዓመት ሙሉ እራት ከተነሳ በኋላ እሷና የወንድሟ ልጅ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ልጅቱ ቀን የተማረችውን ለአክስቷ ትነግራለች፣ አክስቷ ደግሞ ያልገባትን እየደጋገመች ትጠይቃለች፣ ልጅቱ መልስ ሲያጥራት ሁለቱም መጽሐፉ ላይ ይደፋሉ። የሒሳብ መምህር የሆነው ወንድሟ ከእነሱ ሁለት ክንድ ርቆ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃዋለች። «ቀኑን ሙሉ ስጮህ ነው የዋልኩት እትዬ፤ እባክሽ» አላት፣ እሷም ደክሞት ነው ብላ ተወችው። እናታቸው ስትሞት እሷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ደብተሯን ዘግታ የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠችው እሱ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀር ነው። ይሄን ነገር በዚህ ቤት ውስጥ እሷም እሱም አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም።

ወንድሟ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሸሚዙ ወንበር መደገፊያ ላይ ተሰቅሎ፣ እሷ ጫማዋን እያሰረች አገኛት። ሸሚዙን አነሳ፤ የተጨማደደውን እጅጌ አየ፤ እሷን አየ። «ዛሬ ሥራ አትገቢም እንዴ?» አላት። «እገባለሁ» አለችው። ሸሚዙን ለበሰ፣ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ የሚያቃጥል ቢሆንም ላዩ ላይ ኮት ደረበ፣ ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ ወጣ። እሷም ስትነሳ የወንድሟ ሚስት ብርጭቆውን ይዛ እስከ በር ድረስ ተከተለቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ በናትሽ ዝም ብትይው ይሻላል። ሥራው ነው። ለአንቺ ደግሞ ምን ይጨምርልሻል? ሙያ እንደሆን አለሽ» አለቻት።

«አንቺም ሰምተሻል ማለት ነው።»

«ቤቱ ጠባብ ነው እኮ፤ ማን የማይሰማው አለ?»

«እንግዲያው እኔ ያን ሁሉ ማታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንደፋደፍም ዓይተሻል። እሱን የምትነግሪው አጣሽ?»

ሚስትየዋ ብርጭቆውን በቀሚሷ ጫፍ መወልወል ጀመረች። እሷ በሩን ከፍታ ወጣች።

የምትሠራበት የስፌት ቤት ከታክሲ መዞሪያው አጠገብ ነው፤ አምስት መኪና፣ አንድ ትልቅ መቁረጫ ጠረጴዛና የማይዘጋ ሬዲዮ አለው። ወሩ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት በመሆኑ ሰማያዊ ጣቃ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ደጃፉ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይከራከራሉ። ጨርቁ ካምና በዚህ ዓመት በእጥፍ ተወዷል፣ ክሩም ተወዷል፣ ቁልፍ እንኳን ሳይቀር ተወዷል፣ ታዲያ የአንድ ሕፃን ቀሚስ የአዋቂ ዋጋ ይጠየቅበታል ወይ ነው ክርክሩ። እሷ የሜትር ገመዷን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መቁረጥ ጀመረች። ሁለት ቀሚስ ቆረጠች። ሦስተኛው ላይ የአንዷን ልጅ ወገብ በሌላዋ ልጅ ቁመት ልትቆርጥ ስትል መቀሱን አስቀመጠችና ወደ ባለ ሱቋ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ባለ ሱቋ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትናደድ ግን ዓይኗ የሚጠብ ሴት ናት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ክብ የሚቆረጠውን የክሎሽ ቀሚስ ወገብ ስትለኪ ያንን ለሦስት ነጥብ ምናምን የምታካፍይውን ነገር የት ነው ያየሽው? ከወንድምሽ ቦርሳ?» ሌሎቹ ሦስት ሰፊዎች ሳቁ። «ሂጂ። እስከ ምሳ ሰዓት አልፈልግሽም። ካለቀስሽ ግን እንዳትመለሺ፤ እንባ ጨርቅ ያበላሽብኛል።» ደብተሮቿ ከመኪናው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ ሦስት ዓመት የጻፈቻቸው፣ አሥራ አንድ ደብተር። ይዣቸው ልሂድ ብላ ጎንበስ አለችና ቀና አለች። እነሱን ተሸክሞ መሄድ ልመና መሰላት። እንዲያው ባዶ እጇን ወጣች። የሜትሩ ገመድ ግን አንገቷ ላይ ቀርቶ ኖሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ሲስቅ ነው ያወቀችው፤ አውልቃ ኪሷ ልትከተው አለችና ተወችው።

ስብሰባው በርዕሰ መምህሯ ቢሮ ነበር። ቢሮው ጠባብ ነው፤ የተጠቀለሉ ካርታዎች፣ ሁለት የተሰበሩ ወንበሮችና ሻምፒዮን የሆነ የእግር ኳስ ቡድን የቆየ ፎቶ ግድግዳውን ሞልተውታል። አንኳኳችና ሳይጠሯት ገባች። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ርዕሰ መምህሯ፣ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ሴት፤ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ በደረት ኪሱ ሦስት ቀይ እስክሪብቶ ስለሚሰካ ተማሪዎቹ ቀይ እስክሪብቶ የሚሉት ሰውዬ፤ እና ወንድሟ። ወንድሟ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ።

«ስብሰባ ላይ ነን እናቴ፤ ውጭ ይጠብቁ» አላት ቀይ እስክሪብቶ።

«ስለ እኔ አይደል የምትሰበሰቡት? እንግዲያው እኔም ልኑርበት። ደግሞ እናትዎ አይደለሁም፤ በሁለት ዓመት ብበልጥዎት ነው። ተማሪዎ ነኝ።»

ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደችና ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወንበር በእጇ አሳየቻት። አልተቀመጠችም። ቀይ እስክሪብቶ የፈተና ወረቀቷንና የማረሚያውን መልስ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ያየውን የኩረጃ ዓይነት በዝርዝር የሚያውቅ፣ በዚህም የተነሳ ሌላ ነገር ማየት ያቃተው ሰው ነበር። ጣቱን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እያመላለሰ፣ ሥራዋ ከማረሚያው ጋር እርምጃ በእርምጃ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ የማታ ተማሪ ደግሞ እንዲህ አሟልቶ ጽፎ እንደማያውቅ፣ ማረሚያው ለአራት ቀን መምህሩ ቤት ማደሩን፣ እሷም እዚያው ቤት እንደምትኖር አስረዳ። ሁሉንም ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት ነው የተናገረው። አክብሮቱ ነው የበለጠ ያንገበገባት።

«እርምጃ በእርምጃ ጻፉ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ» አለች። «እንዳላችሁኝ ጻፍኩ። አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ይመልከቱልኝ፤ ምን ያህል ሰጡኝ?»

«ዜሮ» አለ ወረቀቱን ሳያይ።

«ሦስት ነጥብ የጣልኩት እዚያ ነው። ማረሚያው እጄ ላይ ከነበረ እሱን ለምን ሳትኩ?»

«ጥርጣሬ እንዳይገባብን ሆን ተብሎ የተተወ ሊሆን ይችላል።»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም ጮክ አለባት። «ስመልስ ሌባ፣ ስሳሳትም ሌባ! እንግዲህ ምን ባደርግ ነው ንጹሕ የምሆነው? እናንተ ዘንድ ሰሌዳ አይጠፋም። አሁኑኑ ይጠይቁኝ። መጽሐፍ አልያዝኩም፣ ቦርሳም አልያዝኩም። እዚህ አንገቴ ላይ ካለው ሜትር በቀር ምንም የለኝም፤ እሱም ላይ ቢሆን ፎርሙላ አልተጻፈበትም።»

ወንድሟ የኮቱን ቁልፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ርዕሰ መምህሯ ተነሳችና ቀድማ ወጣች፤ አጠገባቸው ያለው ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹ ለስፖርት ወጥተው ባዶ ነበር። ሰሌዳው ላይ የቀረ የጂኦግራፊ ማስታወሻ አለ። ሰፊዋ ዳስተሩን አንስታ ራሷ አጠፋችው፣ ከላይ ጀምራ፣ አንድም ፊደል ሳታስቀር። ቀይ እስክሪብቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ በቃል ነገራት፤ ርዝመቱ ከወርዱ በሰባት ሜትር የሚበልጥ አራት ማዕዘን አለ፣ ስፋቱ ስድሳ ካሬ ሜትር ነው፣ ወርዱ ስንት ነው? ወርዱን ኤክስ አለችው። ርዝመቱ ኤክስ ሲደመር ሰባት። ሁለቱን አባዝታ ከስድሳ ጋር አስተካከለች። ቅንፉን ፈታች፤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ሰባት ኤክስ እኩል ይሆናል ስድሳ። ስድሳውን ወደ ግራ አሻገረችና ምልክቱን ቀየረች፤ በስተቀኝ ዜሮ ብቻ ቀረ። ከዚያ ቆመች። ሲባዙ ኔጌቲቭ ስድሳን፣ ሲደመሩ ሰባትን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጓታል። አሥርና ስድስት፤ ልዩነታቸው አራት ነው፣ አይሆንም። አሥራ አምስትና አራት፤ አሥራ አንድ፣ አይሆንም። አሥራ ሁለትና አምስት። ጻፈችው። «ኤክስ ወይ አምስት ነው፣ ወይ ኔጌቲቭ አሥራ ሁለት ነው» አለች ወደ እነሱ ዞራ። «ኔጌቲቩን እጥለዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ከዜሮ በታች ወርድ ያለው ጨርቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ወርዱ አምስት፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት። ይባዛና ይታይ፤ ስድሳ ነው።» ርዕሰ መምህሯ ፈገግታዋን ለመደበቅ መነጽሯን አወለቀች።

ሁለተኛው ከትሪጎኖሜትሪ ነበር። አንድ ሰው ከባንዲራ መስቀያው ሃያ ሜትር ርቆ ቆሟል፤ የመስቀያውን ጫፍ ለማየት ዓይኑን ከአግድም በሠላሳ ዲግሪ ከፍ አደረገ፤ ዓይኑ ከመሬት አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ነው፤ የመስቀያው ቁመት ስንት ነው? የታንጀንት ሠላሳን ዋጋ፣ ዜሮ ነጥብ አምስት ሰባት ሰባት፣ ቀይ እስክሪብቶ ራሱ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈላት። ሥዕሉን ሣለች። መስመሯ ቀጥ ያለ ነበር፤ ለስንት ዓመት ጨርቅ ላይ ያለ ማስመሪያ ስታሰምር የኖረች እጅ ናት። ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን የማይታወቀው፣ አጠገቡ ያለው ሃያ፤ ፊት ለፊቱ ለአጠገቡ ሲካፈል ታንጀንት ነው። ሃያን በዜሮ ነጥብ አምስት ሰባት ሰባት አባዛች፤ አሥራ አንድ ነጥብ አምስት አራት። ቀይ እስክሪብቶ አንገቱን ወደፊት ሰገግ አደረገ፤ አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ጠመኔውን እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። እሷ ሥዕሉን እንደገና ተመለከተች። «ይሄ ከዓይኑ በላይ ያለው ብቻ ነው» አለችና አንድ ነጥብ አምስት ደመረችበት። «አሥራ ሦስት ነጥብ ዜሮ አራት ሜትር። ሰውየው መሬት ላይ ካልተኛ በስተቀር።»

በዚህ ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበላት። ፊቱ ቀልቷል። የሚያምንበት ነገር ከእግሩ ሥር መንሸራተት ጀምሯል፤ ቸኮለ፣ በመቸኮሉም ሳያስብ ጻፈ። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል በስድስት ሜትር ግድግዳ ጫፍ ላይ ተደግፏል፤ መሰላሉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ስንት ዲግሪ ነው? ጠመኔውን መልሳ ወሰደች። ግድግዳውን ሣለች፣ መሬቱን ሣለች፣ መሰላሉን ልትሥል ስትል ቀስ አለች። ሳይን ብላ ጻፈች፤ ፊት ለፊቱ ስድስት፣ ሃይፖተኒዩዙ አምስት። ስድስት ለአምስት። አንድ ነጥብ ሁለት። እሷ ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆመች፤ ወንድሟ ይህን ቆም ማለቷን አይቶ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፣ አቃታት ብሎ ነበር። በልቧ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነበር የሚሆነው። ስህተቱ የእኔ ነው ብላ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ መረመረች፤ በዚህ ዕድሜዋ ለማንኛውም ነገር መጀመሪያ ራሷን መጠርጠር ልማዷ ነበር። ሁለት ጊዜ መርምራ ምንም ስታጣ ጠመኔውን አስቀመጠችው።

«ይሄ አይሠራም» አለች።

«አላወቁትም ማለት ነው» አላት ቀይ እስክሪብቶ፣ ድምፁ ውስጥ እረፍት ነበር።

«አውቄዋለሁ፤ ጥያቄው ነው የማይሠራው። ሳይን ከአንድ አይበልጥም። መሰላሉ ከግድግዳው ያጥራል እኮ፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ ጫፉ ጋ አይደርስም። ይሄ ሦስት ማዕዘን የለም።»

ሰውየው ሰሌዳውን አየ። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል። «ቁጥሩን ይተዉትና... ዘዴውን ብቻ ያሳዩን» አለ።

«ዘዴው ነው የለም ያለኝ። የሌለ ነገር ፈትቼ አላሳይም።»

ርዕሰ መምህሯ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣጠረችው። ቀይ እስክሪብቶ ዳስተሩን አንስቶ አምስቱን አጥፍቶ ሰባት ሊያደርገው እጁን ዘረጋ። «አይጥፋ» አለችው። «ከፈለጉ አዲስ ይጻፉልኝና ማታ ድረስ እሠራለሁ። ይሄ ግን እንዳለ ይቆይ።» እጁ አየር ላይ ቀረ። ዳስተሩን ቦታው መለሰው፤ ከኪሱ ካሉት እስክሪብቶዎች አንዱን አውጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው። «ተሳስቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ስለ መሰላሉ ይሁን ስለ እሷ አልገለጸም፤ ግን ለማንም ቀላል የማይሆን ቃል ነው፣ እሷም ራሷን ነቅንቃ ተቀበለችው።

ርዕሰ መምህሯ ወደ ወንድሟ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ትክክል ናት» አለ ፈጥኖ ከወንበሩ ተነስቶ። «እትዬ ድሮም ጎበዝ ናት። እኔ ድሮም...»

«እሱን አይደለም» አለችው እህቱ። «ጠዋት በስልክ ያልከውን እዚህ ድገመው።»

በኮቱ እጅጌ ሥር ያልተተኮሰው ሸሚዝ ብቅ ብሏል። ወደ ውስጥ መለሰው። በግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በዚያች ቅጽበት ግን ሰፈር ውስጥ መስኮት ሰብሮ የመጣ ልጅ ይመስል ነበር፤ እሷም ያ ፊት ሁልጊዜ ያሸንፋት ስለነበር ዓይኗን ከእሱ ላይ ላለመንቀል ብርታት አስፈለጋት። «ቦርሳዬን ስትከፍት አይቻት አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አትከፍትምም። ሦስት ዓመት ስታጠና አይቻለሁ። ፈራሁ። አንተ ነህ የሰጠሃት እንዳትሉኝ ፈራሁና እሷን አቀረብኩላችሁ።» ቢሮው እንደተመለሱ ርዕሰ መምህሯ ይሄን ቃል በቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ፣ በደግነት ነው፣ ወሬው ቶሎ እንዲበርድ የማለፊያ ነጥቡን ብቻ አጽድቀን፣ ሠላሳ ብለን ብንመዘግበው አይሻልም ወይ አለች፤ አልፈዋል፣ ዋናው እሱ አይደል?

«አይደለም» አለች። «ሦስቱን የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሃምሳ ሰባቱንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንዲቷን ነጥብ እንኳን ለወሬ አልሰጥም። ግድግዳው ላይ ያለው እንደተለጠፈ ይቆይልኝ።» ርዕሰ መምህሯ ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ከኋላዋ ደረሰባት። ጎን ለጎን ሄዱ፤ ተማሪዎች ከስፖርት እየተመለሱ በመሀላቸው ይሮጣሉ። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ... አብሬሽ መቀመጥ ነበረብኝ። እዚያ ተቀምጠሽ ሳይሽ የሚታየኝ አንቺ ለእኔ ብለሽ የተውሽው ትምህርት ነበር። እሱን ማየት ነው ያቃተኝ።» ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያላነሳው ነገር በትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ፣ ላብ ባራሳቸው ልጆች መሀል ይነሳል ብላ አስባ አታውቅም። ግን አላቀፈችውም። «ዛሬ ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አንተው ንገራት» አለችው። «ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው። ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አብረህ የጠረጠርከው እሷንም ነው።» እሺ አለ። ራሱን ነቅንቆ ነው ያለው።

መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ምዝገባ ሰልፉ አጭር ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት በመስኮቱ አሳለፈች። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ቀና ብሎ አያትና በቅንነት፣ «ማኅበራዊ ሳይንስ ልበልዎት? ሥራም አለብዎት፣ ቀለል ይላል» አላት።

«ተፈጥሮ ሳይንስ ብለህ ጻፍ።»

«እትዬ፣ እዚያ ሒሳቡ ይከብዳል እኮ።»

«ቀላሉንማ ጨረስኩት።»

ጸሐፊው ተጠራጥሮ ከትከሻዋ በላይ ወደ ኋላ ተመለከተ። ወንድሟ እዚያ ቆሞ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ጉዳይ አስፈጻሚ ለመሆን ቃጣውና፣ «ጻፍላት» አለው።

«እኔ ነግሬዋለሁ» አለች ዞር ሳትል።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አነሳ። እሷ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተደግፋ፣ ከወዲያ ማዶ ተገልብጠው የሚታዩትን ፊደላት አንድ በአንድ እያነበበች፣ ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ፎርሙን ወደ ራሷ አዙራ ፈረመች።